የአመተ ሥላሴ አባት

እናቴ ደጊቱ በሕይወቷ በሽማግሌ ሸንጎ ፊት የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያውም ከመጋረጃ ጀርባ ሆና። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስለ እሷ የሚናገረው ሌላ ሰው ነበር፤ አባቷ፣ ወንድሟ፣ ባሏ፣ ሲቸግር ደግሞ አጥቢያው በሙሉ። እኔም ይኸው ልናገርላት ተነሥቻለሁ። የእኔ ከሌሎቹ የሚለየው አስፈቅጄ መሆኑ ብቻ ነው።

የሰማዳ ልጅ ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ወደ እስቴ ያመጣት አባቴ ወልደ ሩፋኤል ያን ጊዜ ገና ዲያቆን ነበር። ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ስንት ዓመት ድጓ ሲያዜም ኖሮ ሳያስመሰክር፣ መምህር ሳይባል ተመልሷል፤ ይህን በቤታችን ማንሣት ነውር ነው፣ እኔም ከዚህ በኋላ አላነሣውም። ድምፁ ግን ያማረ ስለነበር አጥቢያው ለቅስና ፈለገው። ዲያቆን ለመቀሰስ መጀመሪያ ድንግል አግብቶ ከእሷ ጋር መቁረብ አለበት። ስለዚህ እናቴ ተፈለገች። ከዚያን ቀን ትዝ የሚላት ካባው ረዝሞባት ሲያደናቅፋት ብቻ እንደሆነ ነግራኛለች።

በእኛ አገር ጋብቻ ሁለት ነው። አራሹ በሰማንያ ይጋባል። ካልተስማሙ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ከብቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሚስትም ርስቷ ርስቷ ነውና ወደ መጣችበት ትሄዳለች፤ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ጎጆ ውስጥ ብትታይ የሚገረም የለም። የእናቴ ታናሽ እህት አሰለፈች ሦስቴ በሰማንያ አግብታ ሦስቴ ፈታለች። በሦስተኛው ጊዜ «ወንድ ማሳደግ ሰለቸኝ» ብላ መካነ ኢየሱስ ከተማ ጠላ ቤት ከፈተች። ቁርባን ግን ሌላ ነው። የቆረቡትን የሚለያያቸው ሞት እንጂ ሽማግሌ አይደለም። ባልየው ቄስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ሚስቱ ጥላው ከሄደች ቅስናው ይፈርሳል፣ መቅደስ መግባቱ ይቀራል።

የአጥቢያችን ማርያም ያሏት ቄሶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አባቴና አዛውንቱ ቄሰ ገበዝ ገብረ ሚካኤል። ቅዳሴ ደግሞ ያለ አምስት ልዑካን አይቀደስም፣ ከአምስቱ ሁለቱ ቄሶች ናቸው። እንግዲህ አስቡት። እናቴ ከወጣች አባቴ ቅስናውን ያጣል፤ አባቴ ካጣ የማርያም ቅዳሴ ይታጎላል። የመቶ ሃምሳ ጭስ ክርስትናና ፍትሐት የተንጠለጠለው በአንዲት የሰማዳ ልጅ እግር ላይ ነበር። እግሯን ማንም ባያስራት አይግረማችሁ፤ ማሰር አላስፈለገም።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው አባቴ ስለሆነ አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይቀላት ስለነበር ነው። የሚማታ ባል ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳ ለሽማግሌ ይታያል። እሱ አንድ ቀን እጁን አላነሣባትም። ስሟንም አንድ ቀን አልጠራም። «አንቺ» ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንቺ»። እራት ሲቀርብለት በልቶ፣ ውኃ ሲቀርብለት ታጥቦ፣ ዳዊቱን ደግሞ ይተኛል። እሱን የምትከስበት ነገር ፈልጌ ፈልጌ እኔም አላገኘሁም።

ሰማዳ ሳለች ዘፈን ትወድ ነበር። ደጊቱ ካልገባችበት ሰርግ አይሞቅም ይባል እንደነበር አሰለፈች ትምላለች። የቄስ ሚስት ግን አትዘፍንም፣ ገበያ አትውልም፣ ጠላ የምትሸጥ እህቷ ዘንድ አትሄድም፣ ለቅሶ ላይም ደረት አትደቃም። የሰበራት ይህ የመጨረሻው ነው። ከእኔ በፊት የተወለዱ ሁለት ወንዶች በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱባት። ሁለተኛው ሲቀበር ልትጮህ አፏን ስትከፍት አባቴ ዞር ብሎ አያትና «አንቺ» አላት። ጩኸቷን ዋጠችው። በሳምንቱ ማንንም ሳትሰናበት ወደ ሰማዳ ሄደች፣ ወደ ቀጋ በር።

ቀጋ በር ከእናቷ ለእሷና ለአሰለፈች የደረሰ ርስት ነው፤ ወንድማቸው ድርሻውን ከአባታቸው ወገን ወስዷል። ገብስ የማያሳፍር መሬት ነው፣ ከራስጌው ምንጭ አለው። በእኛ አገር ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ርስት ትወርሳለች፤ አሰለፈችም ሦስቱን ባሎቿን አንገቷን ቀና አድርጋ የፈታችው የምትመለስበት ቀጋ በር ስላላት ነው። እናቴም እዚያ መሬቱን ያርስላቸው ከነበረው ወንድሟ ጎጆ ተቀመጠች። አርባ ቀን አለቀሰች። የዋጠችውን ሁሉ አወጣችው ይባላል።

ከአርባ ቀን በኋላ ከእስቴ ሰዎች መጡ። ሊጎትቷት አልነበረም። ሰባት ሽማግሌዎች በጫንቃቸው ድንጋይ ተሸክመው ደጃፏ ላይ ተንበረከኩ። በእኛ ዘንድ ድንጋይ የሚሸከም በዳይ ነው፤ ይቅር እስኪባል አያወርድም። «ልጄ፣ ምን እንደበደልንሽ አናውቅም» አሏት፣ «ብቻ ቅዳሴ አታስታጉዪብን።» ዱላ ይዘው ቢመጡ ወንድሟም ዱላ ነበረው። ለድንጋይ ግን ምን መልስ አለ? ከሰባቱ አንዱ አያቷን የሚያህሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «አውርዱ» አለቻቸው። በማግሥቱ ከኋላቸው ተከትላ ተመለሰች። በሁለተኛው ዓመት እኔ ተወለድሁ። ለሞቱት ልጆቿ ካሣ ነሽ ብላ ካሣነሽ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ መሄድ ለማንም አልተናገረችም፤ ከእኔ በቀር። እኔ ዳዊት ከመድገሜ በፊት የቀጋ በርን ወሰን በልቤ አውቀው ነበር፤ በምሥራቅ የዝግባው ዛፍ፣ በምዕራብ ገደሉ፣ ከላይ ምንጩ። ጥጥ እያባዘተች «አንድ ቀን ለማርያም ሦስተኛ ቄስ ይገኛል» ትለኝ ነበር። «ያን ጊዜ የእኔ መሄድ ቅዳሴ አያስታጉልም። ከምንጩ በላይ ጎጆ እቀልሳለሁ። ደጃፉን ወደ ፀሐይ መውጫ አደርገዋለሁ። ሰው ስሜን እየጠራ ደጄን ይመታል።»

ዘር መቁጠርም አስተማረችኝ። ርስት ያለው ሰው ዘሩን ካልቆጠረ ርስቱ የጎረቤቱ ነው። መሬቱ ከአንድ አባት ይጀምራል፤ ከእሱ መወለዱን ስም በስም ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ፣ ድርሻ አለው። የቀጋ በር አባት ወልደ ገብርኤል የሚባል ነበር። ከራሴ ጀምሬ ወደ ላይ እስከ እሱ ስወጣ እናቴ በእንዝርቷ ታጅበኛለች። ወደ ላይ ብቻ ነው ያስተማረችኝ። ወልደ ገብርኤል ስንት ልጆች እንደወለደ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሦስተኛው ቄስ ተገኘ። የቄሰ ገበዝ ገብረ ሚካኤል ልጅ ዲያቆን ቀለመ ወርቅ ትምህርቱን ጨርሶ መጣ። አባቱ እርጅና ተጭኗቸዋልና አጥቢያው ቶሎ ይቀስስልን አለ። የጎደለው ሚስት ብቻ ነበር። ቄሰ ገበዝ ከጥምቀት ማግሥት አባቴን ጠሩትና ለልጃቸው እኔን ጠየቁት። አባቴም ሰጠ። ለእናቴ የነገራት እራቱን በልቶ እጁን ሲታጠብ ነው።

«ልጅቱ ገና ናት» አለች።

«አንቺም በዚሁ ዕድሜሽ ነው የመጣሽ።»

«እኔማ መጣሁ» አለች እናቴ።

አባቴ እጁን አደረቀ። ነገሩ ለእሱ አልቋል። እሷ ግን አላበቃችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራከረችው። አሰለፈች መካነ ኢየሱስ ወስዳ ተማሪ ቤት ላስገባት ማለቷን፣ አንድ ዓመት ብቻ ቢቆይ ምን እንደሚጎዳ፣ ካልሆነም ወደፊት በሰማንያ ለአራሽ ብትሰጥ እንደሚሻል ተናገረች። «የቄስ ልጅ በሰማንያ?» አለ አባቴ፣ ከልቡ ተገርሞ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

እኔ ምን እፈልግ ነበር? እውነቱን ልናገርና፣ አዲስ ቀሚስ ይሰፋልሻል ስለተባልሁ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ግን ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። ስትጠብቀው የኖረችው ሦስተኛው ቄስ መጥቷል፤ የእሷ ገመድ ሊፈታ ነው፤ የሚፈታው ግን ገመዱ ተነሥቶ በእኔ አንገት ሲገባ ነው። ይህን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሰባት ቤት ያልሞላው ዘመድ አይጋባምና የሁለቱም ወገን ትውልድ በሽማግሌ ፊት ይወጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ተሰበሰቡ። ወንዶቹ መደብ ላይ ተቀመጡ፤ እኔና እናቴ ማጀቱን ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ነበርን። ቆጣሪው አያ ተሻገር ነበሩ፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ግን የአገሩን ሰው ትውልድ እንደ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ ሽማግሌ።

መጀመሪያ የወንዱን ወገን ቆጠሩ። በአባት በኩል ሄደው ሰባት ሞላ። በቄሰ ገበዝ እናት በኩል ሲወጡ ግን አራተኛው ላይ ቆሙ።

«አመተ ሥላሴ» አሉ። «የአመተ ሥላሴ አባት ማን ነው?»

«አይታወቅም» አሉ ቄሰ ገበዝ። «በመሳፍንት ዘመን ሕፃን ሆና ከሰማዳ መጣች ይባላል። አባቷን የሚያውቅ የለም።»

«ይለፍ» አሉ አያ ተሻገር። ቀጥለው የአባቴን ወገን ቆጠሩ፤ የሚያገናኝ አልተገኘም። «አሁን የልጅቱ እናት ወገን» አሉ።

«ከሩቅ ናት» አለ አባቴ። «ወንድሟም ሞቷል። ምን ያገናኛቸዋል?»

«ሕግ ሕግ ነው፣ ቄስ ወልደ ሩፋኤል። ወንድም ከሌላት ራሷ ትቁጠር።»

አባቴ ደስ አላለውም፤ ግን ምን ይበል? እናቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አደረገችና ከመጋረጃው ጀርባ ቆጠረች። ድምፅዋ እንደዚያ ጠርቶ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ሰርግ ያሞቅ የነበረው ድምፅ ይህ ይሆን ብዬ አሰብሁ።

«ካሣነሽን ደጊቱ ወለደች። ደጊቱን ወለተ ሚካኤል ወለደች። ወለተ ሚካኤልን ሀይሉ ወለደ። ሀይሉን ዓለምጸሐይ ወለደች። ዓለምጸሐይን ወልደ ገብርኤል ወለደ።»

እዚህ ላይ ዝም አለች።

«ከዚያስ?» አሉ አያ ተሻገር።

እናቴ ወደ እኔ አየች። ፀጉሬን ለሽምግልናው ብላ ራሷ ነበር ጠዋት የሠራችኝ፤ ከግንባሬ ላይ የወጣ አንድ ዘለላ ወደ ኋላ መለሰችልኝ።

«ወልደ ገብርኤል ሁለት ሴቶች ወለደ» አለች። «አንዷ ዓለምጸሐይ ናት፤ እኛ ከእሷ ነን። ሁለተኛዋን በመሳፍንት ዘመን ሕፃን ሳለች ሰዎች ወደ እስቴ ይዘዋት ተሰደዱ፣ ከዚያ ወዲህ አልታየችም። አመተ ሥላሴ ትባላለች።»

ከመደቡ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። «ይህን ከዚህ በፊት ተናግረሽ አታውቂም።»

«ጠይቀውኝ አያውቁም» አለች።

አያ ተሻገር በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። በሁለቱም ወገን አምስተኛ ቤት ላይ ወልደ ገብርኤል ቆሟል። «ዘመድ ናቸው» አሉ። «ሰባት ቤት አልሞላም። አይጋቡም።» ቄሰ ገበዝ ከመቀመጫቸው ትንሽ ተነሡ። «ደጊቱ፣ ልጄ፣ የዘር ነገር ነው። በግዝት ነው የተናገርሽው?» አሏት። ግዝት በሐሰት የተናገረውን ከቤተ ክርስቲያን የሚለይ ነው፤ የቄስ ሚስት ይህን መማር አያስፈልጋትም።

«በግዝት» አለች እናቴ።

ሰዎቹ ሊነሡ ሲሰናዱ ቄሰ ገበዝ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ዋዛ። «ይህ ወልደ ገብርኤል... ርስቱ የት ነው?»

እናቴ እንዝርቷን አንሥታ ማሾር ጀመረች። «ሰማዳ» አለች። «ቀጋ በር።»

እኔ ቀሚሱ ቀረብኝ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኋት። ለጋብቻ የደረሰ ሌላ ዲያቆን በቅርብ ስላልነበረ አባቴ አሰለፈች ዘንድ እንድሄድ አልከለከለም። «ዲያቆን እስኪገኝ ፊደሏን ታጥና» ብላው ነበር እናቴ። መካነ ኢየሱስ ተማሪ ቤት ገባሁ፤ ዲያቆኑም ሳይገኝ ዓመቱ ዓመት እየወለደ ሄደ።

ቄሰ ገበዝ ገብረ ሚካኤል ግን ጊዜ አላጠፉም። ለሙሽርነቱ ያዘነው ልባቸው ለርስቱ ቶሎ ተጽናና። በዚያው ዓመት ከመኸር በኋላ አያ ተሻገርንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትለው ሰማዳ ሄዱ። «እኛም የወልደ ገብርኤል ልጆች ነን፤ ከደጊቱ አፍ በግዝት ተመስክሯል» አሉ። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ነውና ማን ይከለክላቸዋል? ወልደ ገብርኤል ሁለት ከወለደ መሬቱ ለሁለት ይከፈላል። ዕጣ ተጣለ፤ የምንጩ ወገን ለአመተ ሥላሴ ልጆች ወጣ። የቀረው ግማሽ ለእናቴና ለአሰለፈች ነበር። እናቴ «በእኔ አፍ የሄደ ነው፣ ከእኔ ይቀነስ፤ ለካሣነሽም ቀለብ ይሁን» ብላ ድርሻዋን ለእህቷ ለቀቀች።

አሰለፈች አበደች። ወደ ቄስ ቤት መምጣት አይፈቀድላትም ነበር፣ ያን ቀን ግን መጣች፤ እኔም አብሬያት ነበርሁ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል» አለቻት እናቴን። «ይህችን አባት የሌላት ሴት ከየት ጎትተሽ ነው ያመጣሽብን? እናታችን ስለ ወልደ ገብርኤል ሁለተኛ ልጅ አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም።»

«አንቺ ታናሽ ነሽ» አለች እናቴ። «አልሰማሽም ይሆናል።»

«ካጸናሽው ጠፍተናል። ሂጂና ተሳስቻለሁ በያቸው።»

እናቴ እኔን አየችኝ። «አልተሳሳትሁም» አለች።

አሰለፈች እስከ ዛሬ ይህን ነገር ባነሣች ቁጥር ራሷን ትይዛለች። ያን ጊዜ እኔንም ታሳድግ፣ እናቴንም ትረግም ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

በሁለት ዓመት ቀለመ ወርቅ የሌላ ቄስ ልጅ አግብቶ ቆረበ፣ ቀሰሰም። ማርያም ሦስት ቄስ ኖራት። አሰለፈች ይህን ስትሰማ ቁጣዋን ለአፍታ ረስታ በእኔ በኩል ላከችባት። «አሁን ገመዱ ተፈቷል፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ በያት» አለችኝ። ሄጄ ነገርኋት። እናቴ እህል ስትነፋ ነበር፤ ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«የት?» አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ ገለባውን ወደ ነፋሱ መታችው።

ይህን ሁሉ እንዳለ ይዤው እኖር ነበር፤ አንድ የእንግሊዝ መጽሐፍ ባይመጣ። አንዳንዱን ዓመት ሁለት ክፍል እያለፍሁ አሥረኛ ክፍል ደብረ ታቦር ደርሼ ሳለሁ መምህራችን ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ አዋሱኝ፣ ክረምቱን እንዳነብበው። ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። ፍልሰታ ነበር፤ አባቴ ቅዳሴው ስለሚዘገይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይመለስም። ዝናቡ ደጁን ዘግቶታል፣ እናቴ ትፈትላለች፣ እኔ አነባለሁ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«የእንግሊዞች ታሪክ ነው። ስለ አንዲት ልጅ።»

«እስቲ ንገሪኝ።»

ነገርኋት። የልጅቱ አባት ትልቅ ቤትና ሰፊ መሬት ነበረው፣ ወንድ ልጅ ግን አልወለደም። ሲሞት ቤቱም መሬቱም እሷን አይቷት ለማያውቅ የአባቷ የሩቅ ዘመድ ሄደ።

እንዝርቷ ቆመ። «እሷስ?»

«እሷ ሴት ናት።»

«ሴት መሆኗንማ ነገርሽኝ። ርስቷስ?»

«አይደርሳትም። በሕጋቸው ለወንድ ነው። ያገባችም እንደሆነ ያላት ሁሉ የባሏ ይሆናል።»

«እኔ ፈረንጅ የሠለጠነ ነው ሲሉ እሰማ ነበር» አለች። «ታዲያ ምን ሆና ኖረች?»

«አክስቷ ዘንድ ተጠግታ። ማግባት አለባት፤ ካላገባች የምትገባበት የላትም። ሦስት ሰዎች ይፈልጓታል።»

«አንዱን አግብታ ቢከፋት ትፈታዋለቻ።»

«መፍታት የለም። አንዴ ቤተ ክርስቲያን ከተጋቡ እስከ ሞት ነው።»

«ቄሶቹ ብቻ ናቸው?»

«ሁሉም።»

«አራሹም? ነጋዴውም?»

«ሁሉም፣ እናቴ። ሰማንያ የላቸውም።»

«አገሩ በሙሉ በቁርባን» አለች። «ሁሉም የቄስ ሚስት ናት በይኛ።»

እኔ ሳቅሁ፣ እሷ አልሳቀችም። መጨረሻውን ጠየቀችኝ። ሦስተኛው ሰው ደግ ሆኖ ተገኘ፣ አገባችው፣ ሰርግ ሆነ፣ አለቀ አልኋት።

«አለቀ?»

«እዚያ ላይ ያበቃል።»

«ገና ቤቱ መግባቷ ነው እኮ» አለች። «የጻፈው ሰው ከሰርጉ በኋላ ወዴት ሄደ?» እንዝርቷን እንደገና አሾረችና ፈትሉን ሳበች። ነገሩን የተወችው መስሎኝ ወደ ገጼ ስመለስ «እናቷስ?» አለችኝ።

«የማን?»

«የልጅቱ። መሬቱ ለሩቅ ሰው ሲሄድ፣ ልጇ ለወንድ ስትታይ፣ እናቷ ምን ትሠራ ነበር?»

«ታለቅሳለች። ትጨነቃለች።»

«ዘር መቁጠር አታውቅም ነበር?»

እዚያ አገር ዘር እንዲህ አይቆጠርም ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ሳልጨርሰው ተውሁት። ያ መጋረጃ፣ ያ ዝምታ፣ ፀጉሬን መመለሷ፣ አንድ በአንድ መጡ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቄሰ ገበዝን አጎቴ እያልሁ ጉልበት ስሜያለሁ።

«እናቴ» አልኋት፣ «አመተ ሥላሴ የወልደ ገብርኤል ልጅ ናት?»

በሩን አየች። ከዝናቡ በቀር ማንም የለም።

«ወልደ ገብርኤል አንድ ልጅ ነው የወለደ» አለች። «አመተ ሥላሴን የሰማኋት ያን ቀን ነው፣ ከአያ ተሻገር አፍ። አባት የላትም አሉ። አባት ሰጠኋት።»

ተናደድሁ፣ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። «ስሟን ከእኛ ስም ጋር ስታያይዢው ርስቱም አብሮ እንደሚሄድ አላወቅሽም ነበር?»

«እኔ?» አለች። ቅር አላት። ዘር መቁጠር ያስተማረችኝን ሴት እንዲህ ብዬ መጠየቄ ስድብ ነበር።

«ግዝቱስ?»

«ግዝቱ የራሴ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቆርቤ አላውቅም።»

በቁርባን የታሰረች ሴት፣ የቄስ ሚስት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትቆርብ። «አባቴ ምን አለ?» አልኋት።

«አባትሽ ልብ አላለም» አለች፣ ያለ ምሬት።

ጎጆዋን አሰብሁ፤ ከምንጩ በላይ፣ ደጃፉ ወደ ፀሐይ መውጫ የሆነውን፣ ሰው ስሟን እየጠራ የሚመታውን ደጃፍ። አለቀስሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ግን ድንጋይ ተሸክመው የመጡባት ሰዎች ትዝ አሉኝና አፈርሁ። «ቀጋ በርን በእኔ ምክንያት አጣሽው» ብቻ አልኋት።

«አላጣሁትም» አለች እናቴ። «ካሣ ተቀብዬበታለሁ።»

እጇን ዘርግታ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘጋችው። ወዲያው ደጅ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ጭቃ ሲራገፍም ሰማን።

«አንቺ» አለ አባቴ ከውጭ።

እንዝርቷን አስቀምጣ በሩን ልትከፍትለት ተነሣች።